ፖርት ከመክፈትዎ በፊት፦ ለሰርቨርዎ የሚስማማውን መንገድ መምረጫ

ሰርቨር ተከራይቶ፣ ፕሮግራሙን ጭኖ፣ እዚያው ማሽኑ ላይ ሲሠራ አይቶ፣ ከውጭ ግን አልገባ ያለው ሰው እርዳታ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ፖርቱን ክፈተው» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን በየት በኩል፣ ለማንና በምን መሣሪያ እንደሚከፈት ስለማይናገር ግማሽ ምክር ነው። በሥራዬ ካጋጠሙኝ ችግሮች መካከል ፖርት መክፈት ካለመቻል የመጡት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የሚበዙት ከሚገባው በላይ ከመክፈት የመጡ ናቸው። ስለዚህ እዚህ የሚነጻጸሩት የትእዛዝ አጻጻፎች ሳይሆኑ መንገዶቹ ናቸው፤ ትእዛዙን የየመሣሪያው መመሪያ በቀላሉ ይነግርዎታል።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ቅርንጫፎች ያሉት አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ፣ ውጭ አገር በሚገኝ ክላውድ ላይ አንድ የኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ሰርቨር ተከራይቷል እንበል። ሰርቨሩ ላይ ለደንበኞች የተዘጋጀ ዌብሳይት፣ የሂሳብ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የውስጥ ፕሮግራም፣ የዕቃ ክምችቱን መዝገብ የሚይዝ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አሉ፤ ቴክኒሻኑም በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ሰርቨርን በትእዛዝ ማስተዳደሪያ ዘዴ) እየገባ ሁሉንም ይቆጣጠራል። አራቱም በአንድ ማሽን ላይ ይኑሩ እንጂ እንግዶቻቸው አንድ አይደሉም። ዌብሳይቱን ማንም ሰው ማየት አለበት። የውስጥ ፕሮግራሙ ለአሥር ሠራተኞች ብቻ፣ ኤስኤስኤች ደግሞ ለአንድ ቴክኒሻን ብቻ ነው። ዳታቤዙን ከሰርቨሩ ውጭ ሆኖ በቀጥታ መንካት ያለበት ሰው የለም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምርጫ ሁሉ የሚወሰነው «ማን ነው የሚገባው?» በሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

ፖርት በሰርቨሩ ጀርባ እንዳለ የኬብል መሰኪያ የሚዳሰስ ነገር ሳይሆን ቁጥር ነው። አይፒ አድራሻው የኮንዶሚኒየሙን ሕንፃ የሚያመለክት ከሆነ፣ ፖርቱ የቤቱን ቁጥር ያመለክታል፤ መልእክቱ ሕንፃው ድረስ ከደረሰ በኋላ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚሰጥ የሚታወቀው በእርሱ ነው። ቁጥሩ በ16 ቢት ስለሚጻፍ ከ0 እስከ 65535 ይሄዳል። ከ0 እስከ 1023 ያሉት ለታወቁ አገልግሎቶች የተመደቡ ናቸው፤ በሊኑክስ ላይ ፕሮግራም በእነርሱ እንዲያዳምጥ በተለምዶ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ከ1024 እስከ 49151 ያሉት በምዝገባ የሚሰጡ ሲሆኑ፣ የቀሩት ለጊዜያዊ ግንኙነት የተተዉ ናቸው። ዌብ በ80 እና በ443፣ ዲኤንኤስ በ53፣ በሰርቨሮች መካከል የሚላክ ኢሜይል በ25፣ ማይኤስኪውኤል በ3306፣ ፖስትግሬስ በ5432፣ ሬዲስ በ6379፣ የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ በ3389 ይገኛሉ። ኤስኤስኤች 22ን ያገኘበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው፤ ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን በ1995 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙን ሲሠራ፣ ሊተካቸው ያሰባቸው ኤፍቲፒና ቴልኔት 21ን እና 23ን ይዘው ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ቁጥር ያልተያዘ ስለነበረ በኢሜይል ጠይቆ ተሰጠው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ቲሲፒ እና ዩዲፒ የተባሉት ሁለቱ የማጓጓዣ ዘዴዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቁጥር ዝርዝር ያላቸው መሆኑን ነው። «443ን ከፍቻለሁ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የከፈተው ቲሲፒ 443ን ብቻ ነው፤ አዲሱ ኤችቲቲፒ 3 ግን የሚሄደው በዩዲፒ 443 ነው። በዌብ ላይ ይህ ጉድለት አይታይም፤ ብራውዘሩ ዝም ብሎ ወደ ቲሲፒ ስለሚመለስ ገጹ ይከፈታል። ዋየርጋርድ በተባለው ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ ምስጢራዊ የግል መስመር) ላይ ግን ምሕረት የለም፤ የሚጠቀመው ዩዲፒ ብቻ ስለሆነ፣ የተለመደውን ፖርት 51820ን በቲሲፒ የከፈተ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢጠብቅ ምንም አይገባለትም።

ሦስቱ በሮች

አንድ ፖርት ከውጭ ክፍት የሚሆነው ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ሲሟሉ ነው። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ራሱ በዚያ ቁጥር ላይ፣ ከውጭ በሚደረስበት አድራሻ ማዳመጥ አለበት። ቀጥሎ የማሽኑ የራሱ ፋየርዎል (የሚገባውንና የሚወጣውን በተጻፈለት ደንብ የሚያጣራው) መፍቀድ አለበት። በመጨረሻም ከማሽኑ ውጭ ያለው ግድግዳ፣ ማለትም የክላውዱ ፋየርዎል ወይም ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ራውተሩ፣ ማሳለፍ አለበት።

ከሦስቱ አብዝቶ የሚታለፈው የመጀመሪያው ነው። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ኤስኤስ የተባለውን ትእዛዝ ሲያስኬዱ የሚያዳምጡ ፕሮግራሞች ዝርዝር ይመጣል፤ ከእያንዳንዱ ፖርት ቁጥር በፊት የተጻፈውን አድራሻ በጥንቃቄ ይመልከቱ። ከ5432 በፊት 127.0.0.1 ካለ ዳታቤዙ የሚያናግረው እዚያው ማሽን ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን ብቻ ነው፤ ፋየርዎሉን ሁሉ አፍርሰው ቢጥሉ እንኳ ከውጭ የሚደርስበት የለም። በዚያው ቦታ 0.0.0.0 ከተጻፈ ግን በማሽኑ አድራሻዎች ሁሉ የመጣውን ይቀበላል። ፖስትግሬስ ሲጫን የሚመጣው በመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ይህም በእኔ አስተያየት ተገቢ ነው።

የቱ በር እንደተዘጋ ለማወቅ የስሕተት መልእክቱን ማንበብ በቂ ነው፤ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ፈጣን ምርመራ የለም። ወዲያውኑ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» የሚል ከመጣ መልእክትዎ ማሽኑ ድረስ ደርሷል፤ በዚያ ቁጥር የሚያዳምጥ ግን የለም፣ ወይም ፋየርዎሉ በግልጽ እምቢ ብሏል። ለረጅም ጊዜ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ካለ ደግሞ መልእክቱ መንገድ ላይ ተጥሏል፤ የሚጠረጠረው ፕሮግራሙ ሳይሆን ከሁለቱ ፋየርዎሎች አንዱ ነው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ በሬድ ሃት ቤተሰብ ሰርቨሮች ላይ የሚገኘው ፋየርዎልዲ ያልተፈቀደውን ዝም ብሎ ከመጣል ይልቅ መልስ ሰጥቶ ስለሚመልሰው፣ በደንበኛው በኩል የሚታየው «ኖ ሩት ቱ ሆስት» የሚል ነው። ይህን ያየ ሰው ኔትወርኩ የተበላሸ መስሎት ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር ሲከራከር ይውላል። እኔም አንድ ጊዜ ታይምድ አውት እያለኝ ሦስት ሰዓት ሙሉ የዳታቤዙን ፋይል ስቀያይር ቆይቼ፣ በመጨረሻ የተዘጋው የክላውዱ ግድግዳ መሆኑን አየሁ፤ ፋይሉን ወደነበረበት ለመመለስ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

የውጭው ግድግዳ ወይስ የማሽኑ ፋየርዎል?

የክላውዱ ፋየርዎል ትልቁ ጥቅሙ ያልተፈለገውን ትራፊክ ማሽኑን ሳይነካ ከደጅ መመለሱ ነው። ደንብ ሲያሳስቱ ራስዎን ቢቆልፉ እንኳ በብራውዘር ገብተው በደቂቃ ያስተካክሉታል። አጥቂ ሰርቨሩን ቢቆጣጠር የክላውዱን መለያ ካላገኘ በስተቀር ይህን ደንብ መለወጥ አይችልም፤ የማሽኑን ፋየርዎል ግን በአንድ ትእዛዝ ያጠፋዋል። በአማዞን ክላውድ ሴኩሪቲ ግሩፕ የሚባለውን ብንወስድ፣ አዲስ ሲፈጠር ወደ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ የሚከለክል፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን የሚፈቅድ፣ ለተፈቀደ ጥያቄም መልሱ እንዲመለስ ራሱ የሚያስታውስ ነው። ጉድለቱ በውስጡ የሚጻፈው ፈቃድ ብቻ መሆኑ ነው፤ «ሁሉም ይግባ፣ ይህ አንድ አድራሻ ግን አይግባ» ማለት አይቻልም። ለዚያ የኔትወርኩ ኤሲኤል (የፈቃድና የክልከላ ዝርዝር) አለ፤ እርሱ ግን ያሳለፈውን አያስታውስም፤ ስለሆነም የመልሱን መንገድ በጊዜያዊ ፖርቶች ላይ ለብቻ መፍቀድ ይጠይቃል፤ ይህን የረሳ ሰው ወደ ውጭ የሚያደርገው ግንኙነት ሁሉ ሲቋረጥበት ምክንያቱን ለማግኘት ይቸገራል።

የማሽኑ ፋየርዎል በበኩሉ ሰርቨሩ ወደ ሌላ አቅራቢ ሲዛወር ደንቡን ይዞ ይሄዳል፤ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ካሉ ጎረቤት ማሽኖች ይጠብቃል፤ የሙከራ ብዛትንም ይገድባል። ለምሳሌ የኡቡንቱ ፋየርዎል ማስተዳደሪያ የሆነው ዩኤፍደብሊው «ሊሚት» በሚለው ደንቡ በ30 ሴኮንድ ውስጥ 6 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ለመገናኘት የሞከረን አድራሻ ያግዳል። ሁለቱንም መጠቀም ይመረጣል፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግን ያለ ማመንታት የውጭውን እመርጣለሁ። በርካሽ የሚከራዩ አንዳንድ ሰርቨሮች የውጭ ግድግዳ ጨርሶ የላቸውም፤ በእነርሱ ላይ የማሽኑ ፋየርዎል ብቸኛው አጥር ነው። በተቃራኒው ደግሞ አንዳንድ አቅራቢዎች የሚሰጡት የሊኑክስ ምስል (ተዘጋጅቶ የሚመጣ ቅጂ) የአይፒቴብልስ፣ ማለትም የቆየው የሊኑክስ ፋየርዎል መሣሪያ፣ ደንብ አስቀድሞ የተጻፈበት ስለሆነ፣ የውጭውን ከፍተው አሁንም አልገባ ቢልዎ ውስጡን ይመልከቱ።

ከማሽኑ መሣሪያዎች የቱን ልምረጥ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ ከሲስተሙ ጋር የመጣውን። በኡቡንቱ ላይ ከ8.04 ጀምሮ ያለው ዩኤፍደብሊው ለአንድ ሰርቨር ከበቂ በላይ ነው። በሮኪ፣ በአልማ ወይም በሬድ ሃት ላይ ያለው ፋየርዎልዲ የኔትወርክ ካርዶችን በዞን ከፋፍሎ ስለሚያስተዳድር፣ አንድ እግሩ በውስጥ ኔትወርክ፣ አንድ እግሩ በኢንተርኔት ለሆነ ማሽን ይመቻል። በ2014 ከሊኑክስ ከርነል 3.13 ጋር የመጣው ኤንኤፍቴብልስ ከሥር ያለው ሞተር ነው፤ ውስብስብ ደንብ በአንድ ፋይል መጻፍ ለሚፈልግና ለሚችል ሰው እርሱ ይሻላል። ከእነዚህ መሣሪያዎች ሁለቱን በአንድ ማሽን ላይ ለየብቻ ማስኬድ ግን ችግር መጥራት ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲሽር፣ የትኛው ደንብ እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ አይቻልም።

ፋየርዎልዲን የሚጠቀም ሰው አንድ ጠባዩን መልመድ አለበት። ደንቡን «ፐርማነንት» ሳይሉ ከጻፉት ወዲያው ይሠራል፤ ሰርቨሩ ዳግም ሲነሳ ግን ይጠፋል። «ፐርማነንት» ብለው ከጻፉት ደግሞ ይቀመጣል፤ ፋየርዎልዲ ደንቦቹን ዳግም እስኪያነብ ድረስ ግን አይሠራም። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ሪስታርት ሳደርገው ተዘጋ» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

የዩኤፍደብሊው ወጥመድ ሌላ ነው። ለኤስኤስኤች ሳይፈቅዱ ካበሩት ራስዎን ይቆልፋሉ። መሣሪያው ሲበራ ያስጠነቅቃል፤ ነገር ግን የተከፈተው መስኮት ብዙ ጊዜ ስለማይቋረጥ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል፤ የሚታወቀው ዘግተው ማግስቱን ለመግባት ሲሞክሩ ነው። ስለዚህ ደንብ ሲቀይሩ የመጀመሪያውን መስኮት ሳይዘጉ በሁለተኛ መስኮት ገብተው ይፈትሹ። የበለጠ ለመጠንቀቅ፣ ፋየርዎሉን ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚያጠፋ የቀጠሮ ትእዛዝ አስቀድመው ያስገቡና ሁሉም ከሠራ በኋላ ቀጠሮውን ይሰርዙ። ሰርቨሩ ሌላ አገር ሲሆን ሄዶ የሚከፍትልዎት ሰው የለም።

ዶከር ካለ ስሌቱ ይለወጣል

በምሳሌያችን ቴክኒሻኑ ዳታቤዙን በዶከር ኮንቴነር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ለይቶ በሚያስኬድ ጥቅል) አስነስቶ የማሽኑን 5432 ከኮንቴነሩ 5432 ጋር አገናኝቷል እንበል። ዩኤፍደብሊው በርቷል፤ የተፈቀዱት 22፣ 80 እና 443 ብቻ መሆናቸውንም ሁኔታውን ሲጠይቅ በግልጽ ይነግረዋል። ዳታቤዙ ግን ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። ምክንያቱም ዶከር ለኮንቴነሩ የራሱን የአድራሻ ማዞሪያ ደንብ ይጽፋል፤ የመጣው መልእክት ወደ ማሽኑ ራሱ የሚገባ ሳይሆን ወደ ኮንቴነሩ የሚተላለፍ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ዩኤፍደብሊው የሚጠብቀውን በር ሳይነካ በሌላ በኩል ያልፋል። ፋየርዎሉ የሚነግርዎትና ከውጭ የሚታየው እንዲህ የሚለያዩበት ቦታ ስለሆነ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። መፍትሔው ፖርቱን ሲያገናኙ ከፊቱ 127.0.0.1 ብሎ መጻፍ ነው፤ ያን ጊዜ ማዞሪያው ለውስጥ ብቻ ይሆናል። ዳታቤዙን የሚጠቀመው ፕሮግራም ራሱ ኮንቴነር ከሆነ ደግሞ ሁለቱን በአንድ የዶከር ኔትወርክ አገናኝቶ ፖርቱን ጨርሶ አለማውጣት ይሻላል። የውጭው ግድግዳ ያለው ሰው በዚህ ስሕተት አይጎዳም፤ የውጭውን የመረጥሁበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ለማን እንክፈት? ስድስት መንገዶች

ለሁሉም መክፈት ለዌብሳይት ትክክለኛ ምርጫ ነው። 443 ይከፈታል፤ 80ም ይከፈታል፤ ምክንያቱም በኤችቲቲፒ የመጣውን ወደ ኤችቲቲፒኤስ ለመላክና ሌትስ ኢንክሪፕት በተለመደው መንገድ ሰርቲፊኬት ሲሰጥ የሚመረምረው በ80 ስለሆነ ነው። ለሌሎቹ ግን «የእኔን ሰርቨር ማን ያውቀዋል?» የሚለው መጽናኛ አይሠራም። በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ዚማፕ፣ መላውን የአይፒቪ4 አድራሻ በአንድ ማሽንና በአንድ ጊጋቢት መስመር ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መቃኘት እንደሚቻል አሳይቷል። በ2017 መጀመሪያ ላይ ያለ ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት የተከፈቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ይዘታቸው ጠፍቶ በምትኩ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ተገኝቶባቸዋል። በየካቲት 2018 ደግሞ በዩዲፒ 11211 ክፍት የተተዉ የሜምካሽዲ ሰርቨሮች በጊትሃብ ላይ በሴኮንድ 1.35 ቴራቢት የደረሰ ጥቃት ማካሄጃ ሆነዋል። የእነዚያ ሰርቨሮች ባለቤቶች ዒላማ አልነበሩም፤ በራቸው ክፍት ስለነበረ ብቻ መሣሪያ ሆኑ።

ለተወሰነ አድራሻ ብቻ መክፈት ሁለተኛው መንገድ ነው። ቢሮው ቋሚ አይፒ ከገዛ በጣም ጥሩ ነው፤ ደንቡ አንድ መስመር ነው፣ ተጠቃሚው ምንም መጫን የለበትም። ቋሚ አይፒ ከሌለ ግን እንደሚመስለው አይደለም። የቤትና የሞባይል ኢንተርኔት አድራሻ ይለዋወጣል፤ በተጨማሪም አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን በአንድ የሕዝብ አድራሻ የሚያወጣ ከሆነ፣ ያንን አድራሻ መፍቀድ ማለት ለማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ መፍቀድ ማለት ነው። በሌላ በኩል አድራሻው ማታ ከተቀየረ ቴክኒሻኑ በራሱ ደንብ ውጭ ያድራል። ስለዚህ ይህን መንገድ ብቻውን እንደ ዋና መግቢያ ሳይሆን፣ ከቁልፍ ወይም ከይለፍ ቃል ጋር እንደ ተጨማሪ አጥር ቢወስዱት ይሻላል።

ሦስተኛው ሪቨርስ ፕሮክሲ ነው። ኤንጂንኤክስ ወይም ካዲ የተባለ ፕሮግራም 443 ላይ ይቀመጥና፣ የመጣው ሰው በጠራው ስም መሠረት ወደ ዌብሳይቱ ወይም ወደ ውስጥ ፕሮግራሙ ይመራዋል፤ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው በ127.0.0.1 ላይ፣ ለምሳሌ በ3000 እና በ8080 ያዳምጣሉ። ለእያንዳንዱ አዲስ ፕሮግራም አዲስ ፖርት መክፈት ይቀራል፤ ሰርቲፊኬቱም በአንድ ቦታ ይታደሳል። ለዌብ ፕሮግራሞች ከዚህ የሚሻል ነገር አላውቅም። ነገር ግን ፕሮክሲው በሩን አንድ ያደርጋል እንጂ እንግዳውን አይመርጥም፤ የሂሳብ ፕሮግራሙ የመግቢያ ገጽ ደካማ ከሆነ ድክመቱ አሁንም ለዓለም ይታያል። ለዳታቤዝም በተለምዶ አይሆንም።

አራተኛው የኤስኤስኤች ቦይ ሲሆን ለቴክኒሻኑ የተሠራ ይመስላል። በላፕቶፑ ላይ ያለውን 5433 በኤስኤስኤች ውስጥ አሳልፎ ከሰርቨሩ 5432 ጋር ያገናኘዋል፤ የዳታቤዝ መመልከቻ ፕሮግራሙም ዳታቤዙ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ያለ ያህል ይከፍተዋል። በሰርቨሩ ላይ የሚጫንም ሆነ አዲስ የሚከፈት ፖርት የለም። «ዳታቤዙን ከቤቴ ማየት ስለምፈልግ 5432ን መክፈት አለብኝ» ለሚል ሰው ሁሉ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ለአሥር የሂሳብ ሠራተኞች ግን አይሆንም፤ በየጠዋቱ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ መጻፍ ለእነርሱ ፍርድ ነው፤ ኤስኤስኤች ሲፈቀድላቸውም ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሥልጣን ያገኛሉ።

ለእነርሱ የሚሆነው አምስተኛው፣ ቪፒኤን ነው። ዋየርጋርድ በመጋቢት 2020 ከሊኑክስ ከርነል 5.6 ጋር ስለተዋሐደ በዛሬዎቹ ሰርቨሮች ላይ መጫኑ ቀላል ሆኗል። የሚከፈተው አንድ የዩዲፒ ፖርት ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው ሰው ምንም መልስ ስለማይሰጥ፣ ለሚቃኝ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ወይም ስልክ የራሱ ቁልፍ ይኖረዋል፤ አንድ ሠራተኛ ሥራ ቢለቅ ወይም ስልኩ ቢጠፋበት የእርሱን ቁልፍ ብቻ መሰረዝ ይበቃል፤ የጋራ ይለፍ ቃል ለውጦ ለሁሉም ማዳረስ የለም። ድካሙ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ በየማሽኑ መዞር ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው አንድ አዝራር ከመጫን በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ቪፒኤኑ ተተክሎ መሥራት ከጀመረ በኋላ ኤስኤስኤችንም ከውስጡ ብቻ እንዲደረስበት ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ 22 ለውጭው ዓለም ይዘጋል። ይህን የሚያደርግ ሰው የክላውዱ የብራውዘር ኮንሶል እንደሚሠራ አስቀድሞ ይፈትሽ።

ስድስተኛው መንገድ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ እንግዳውን የሚቀበልበት ነው፤ የክላውድፍሌር ተነልና ቴልስኬል በዚህ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። ወደ ውስጥ የሚከፈት ፖርት አያስፈልግም፤ ግንኙነቱን የሚጀምረው ሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩ ክላውድ ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ለሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ብቸኛው መንገድ ይህ ነው። ራውተርዎ ላይ ፖርት ፎርዋርድ አድርገው አልሠራ ካለ፣ በራውተሩ ገጽ ላይ የተጻፈውን የውጭ አድራሻ ይመልከቱ፤ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ያ አድራሻ የእርስዎ ሳይሆን የአቅራቢው የውስጥ አድራሻ ነው። የሕዝብ አድራሻው ከሌሎች ደንበኞች ጋር የጋራ ነው፤ ራውተሩ ላይ የሚጽፉት ደንብ ሁሉ ከዚያ ወዲያ አይሻገርም። ያለዎት ምርጫ ቋሚ የሕዝብ አይፒ መግዛት ወይም ከውስጥ የሚወጣ ቦይ መጠቀም ነው። የዚህ መንገድ ዋጋ ሦስተኛ ወገን በመካከል መግባቱ ነው፤ በክላውድፍሌር ተነል የሚያልፍ የዌብ ትራፊክ ምስጢሩ የሚፈታው በእነርሱ ማሽን ላይ ነው። ለዕቃ ዝርዝር ይህ ግድ ላይሰጥ ይችላል፤ የታካሚዎች መረጃ የያዘ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ያስብ።

ለአከፋፋያችን የምመርጠው እንግዲህ ይህ ነው፦ ቲሲፒ 80 እና 443 ለሁሉም፣ ዩዲፒ 51820 ለቪፒኤኑ፣ ሌላው ሁሉ ዝግ። የሂሳብ ፕሮግራሙ በፕሮክሲ በኩል ሆኖ በቪፒኤኑ አድራሻ ብቻ ይገኛል፤ ዳታቤዙ ከ127.0.0.1 አይወጣም።

የኤስኤስኤችን ቁጥር መቀየር ይጠቅማል?

22ን ወደ 2222 ወይም ወደ ሌላ ቁጥር መቀየር የሚቀንሰው የሎጉን ጫጫታ ነው፤ በዘፈቀደ የሚሞክሩት ሮቦቶች ይቀንሳሉ፤ የሚፈልግዎት ሰው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያገኘዋል። በይለፍ ቃል መግባትን ዘግቶ በቁልፍ ብቻ ማድረግ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ለመቀየር ከወሰኑ ግን ሁለት ነገር ይወቁ። ከኡቡንቱ 22.10 ወዲህ 22ን የሚያዳምጠው የሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳው የሊኑክስ ክፍል) ሶኬት ስለሆነ፣ የኤስኤስኤችን ፋይል ቀይሮ አገልግሎቱን ብቻ ማስነሳት ላይበቃ ይችላል፤ ሲስተምዲ ፋይሎቹን ዳግም እንዲያነብ አድርገው ሶኬቱን ማስነሳት ይኖርብዎታል። በሬድ ሃት ቤተሰብ ላይ ደግሞ ኤስኢሊኑክስ የተባለው የደኅንነት ጠባቂ ለኤስኤስኤች ከ22 ሌላ ቁጥር ስለማያውቅ አዲሱ ቁጥር በእርሱም ዘንድ መመዝገብ አለበት። ፋየርዎሉ ላይ አዲሱን ሳይፈቅዱ አሮጌውን መዝጋት ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በፊት ተናግሬያለሁ።

ከውጭ ሆነው ይፈትሹ

ሰርቨሩ ላይ ቆሞ ሰርቨሩን መፈተሽ ምንም አያረጋግጥም፤ ማሽኑ ለራሱ ምንጊዜም በሩን ይከፍታል። ከቢሮው ኔትወርክ መፈተሽም ቢሮው ከተፈቀደለት አድራሻ ስለሆነ ያታልላል። የስልክዎን ዋይፋይ አጥፍተው በሞባይል ዳታ፣ ወይም ስልኩን ሆትስፖት አድርገው ከላፕቶፕ ኤንማፕ በተባለው የፖርት መቃኛ ፕሮግራም ይፈትሹ። «ኦፕን» ያለው ተከፍቷል። «ክሎዝድ» ያለው መልእክቱ ደርሶ የሚያዳምጥ አላገኘም ማለት ሲሆን፣ «ፊልተርድ» ያለው ደግሞ ፋየርዎል ጥሎታል ማለት ነው። ኤንማፕ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ የሚያየው 1000 የተለመዱ የቲሲፒ ፖርቶችን ብቻ መሆኑን አይርሱ፤ ዩዲፒን ለብቻ፣ የቀሩትንም ቁጥሮች ሁሉ ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ይህን ማድረግ ግን ጸብ ያመጣል፤ የራስዎን ብቻ ይቃኙ። አይፒቪ6 (ከተለመደው አይፒቪ4 ጎን ለጎን የሚሠራው አዲሱ የአድራሻ ዓይነት) ያለው ሰርቨር ከሆነም በዚያ አድራሻ ይድገሙት፤ በአይፒቪ4 የተዘጋው በአይፒቪ6 ክፍት ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በተለይ ደንቡን በቀጥታ በአይፒቴብልስ የጻፉ ሰዎች ለአይፒቪ6 የተለየ ዝርዝር እንዳለ ይዘነጉታል።

ለሙከራ ብለው የከፈቱትንም በዚያው ቀን ይዝጉ። ዩኤፍደብሊው ደንቦቹን በተራ ቁጥር ያሳይዎታል፤ በቁጥሩም መሰረዝ ይቻላል። ሲሰርዙ ግን ከታች ወደ ላይ ይሂዱ፤ 3ኛውን ሲሰርዙት 4ኛው 3ኛ ይሆናል፤ ቀደም ሲል ያዩትን ዝርዝር ይዘው ቀጥሎ 4ኛውን ቢሰርዙ የሚጠፋው ሊያጠፉት ያላሰቡት ደንብ ነው።